የጀበናው ቃጠሎና የእናትዎ አልማዝ ባለጭራ፦ የሕመም መልእክት በነርቭ ላይ እንዴት ይሄዳል?

ጥያቄው በአጭሩ ይህ ነው። አራት ኪሎ አካባቢ ቡና የሚያፈሉ ጠያቂ ከሦስት ቀን በፊት ከምድጃው የሚያወርዱትን ጀበና ሆዱን በቀኝ እጃቸው አውራ ጣትና ሌባ ጣት ነኩት። «ያመመኝ እጄን ከሰበሰብኩ በኋላ ነው። መጀመሪያ ጠቅ አለኝ፤ አንድ ትንፋሽ ያህል ቆይቶ ለበለበኝ። ዙሪያውን ሳሸው ቀለል ይለኛል። ማታ ለብ ያለ ውሃ እንደ ፈላ ውሃ ሆነብኝ፤ የብርድ ልብስ ጫፍ ከቁስሉ ራቅ ብሎ ሲነካኝ እንኳ ጮህኩ። እህቴ ዲክሎፌናክ ዋጪ ትላለች፣ ጎረቤቴ ፓራሲታሞል ይሻላል ትላለች። እናቴ ደግሞ አልማዝ ባለጭራ ከወጣባት ስድስት ወር ሆናት፤ ቁስሉ ደርቋል፣ ሕመሙ ግን አለቀቃትም፣ ዲክሎፌናክም ምንም አላላት። ለመሆኑ ሕመም ከጣት ተነስቶ የሚሄደው እንዴት ነው?»

ከመጨረሻው ልነሳ፤ ሌሎቹ በእሱ ይፈታሉ። ከጣትዎ ተነስቶ የሚሄደው መልእክት ነው፤ ሕመም የሚሆነው አንጎል ሲደርስ ነው። በመሃል ማረፊያዎች አሉ፤ ቆዳው፣ ህብለ ሰረሰሩ፣ አንጎሉ ራሱ። በየማረፊያው መልእክቱ ሊጎላም ሊደበዝዝም ይችላል፣ የሕመም መድኃኒትም እያንዳንዱ የራሱ ማረፊያ አለው። የእርስዎን መልእክት የሚያጎላው በዋናነት የተቃጠለው ቆዳ ነው፤ የእናትዎ የሚነሳው ግን ከተጎዳው ከነርቩ ነው። አንዱ ኪኒን ለሁለታችሁ እኩል የማይሠራው ለዚህ ነው።

ከጀበናው እንጀምር። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል 2,400 ሜትር ገደማ ከፍ ስለምትል ውሃ እዚህ የሚፈላው 92 ዲግሪ አካባቢ ላይ ነው። ለጣት ግን ይህ ቅናሽ አይባልም። 44 ዲግሪ የሞቀ ነገር ቆዳን የሚያቃጥለው ለሰዓታት ሲቆይበት ነው፤ 60 ዲግሪ ላይ አምስት ሴኮንድ ይበቃል፣ 70 ላይ አንድ ሴኮንድ። ከከሰል ላይ የወረደ የሸክላ ሆድ ከዚያም ያነሰ ጊዜ ነው የሚሰጥዎ። ስለዚህ ማስጠንቀቂያው ሥጋ መሞት ከሚጀምርበት ሙቀት ትንሽ ቀደም ብሎ መነሳት አለበት፤ የሚነሳውም በትክክል እዚያው ላይ ነው፣ 43 ዲግሪ ገደማ።

ይህን የሚያደርገው አደጋ ጠቋሚው ነርቭ ነው፤ ባለሙያዎች ኖሲሴፕተር ይሉታል። ለመዳሰስና ለንዝረት የተመደቡት ነርቮች ጫፋቸው ላይ የየራሳቸው ትንሽ ቅርፊት ወይም ከረጢት አላቸው። የኖሲሴፕተር ጫፍ ግን ራቁቱን ነው፤ እንደ ችግኝ ሥር ተበታትኖ በላይኛው ቆዳ ሕዋሳት መካከል ይገባል። በዚህ ራቁት ጫፍ ላይ ከፕሮቲን የተሠሩ ጥቃቅን በሮች አሉ። አንዱ ትሪፕ-ቪ-1 የሚባለው ነው። እስከ 43 ዲግሪ ዝግ ሆኖ ይቆይና ከዚያ ሲያልፍ ይከፈታል፤ ሶዲየምና ካልሲየም ወደ ውስጥ ይገባሉ።

ይኸው በር በሚጥሚጣም ይከፈታል። ካፕሳይሲን የሚባለው የቃሪያ፣ የበርበሬና የሚጥሚጣ ንጥረ ነገር በሩ ላይ ተጣብቆ ሙቀት ሳይኖር ይከፍተዋል። አንጎል በዚያ መስመር የመጣውን ሁሉ «ተቃጠልኩ» ብሎ ስለሚያነብ ምላስ ይነዳል፣ ፊት ያልባል። ቋንቋችንም ሳያውቀው ልክ ነው፤ ሚጥሚጣ «አቃጠለኝ» እንላለን፣ ጀበናም «አቃጠለኝ»። ካፕሳይሲን በውሃ አይሟሟም፤ በቅባት ይሟሟል፣ የወተት ፕሮቲንም ይይዘዋል። ክትፎ ከአይብ ጋር መቅረቡ ከባህልም በላይ ምክንያት አለው ማለት ነው። (የዶሮ ትሪፕ-ቪ-1 ለካፕሳይሲን ደንታ የለውም፤ ዶሮ የበርበሬ ፍሬ እንደ ጤፍ ብትለቅም ምንም አይላትም።) በሩን በ1997 እ.ኤ.አ. የለዩት ዴቪድ ጁሊየስና ባልደረቦቻቸው ናቸው። ጁሊየስ በ2021 የኖቤል ሽልማት ሲያገኙ የተጋሩት የንክኪና የግፊት በሮችን ካገኙት ከአርደም ፓታፑቲያን ጋር ነው።

በሩ ተከፈተ እንበል። ነርቩ በዕረፍት ሳለ ውስጡ ከውጭው ሲነጻጸር ከዜሮ በታች ከ60 እስከ 70 ሚሊቮልት ነው። ሶዲየም ሲገባ ይህ ቁጥር ወደ ዜሮ ይጠጋል፤ የተወሰነ ልክ ሲያልፍ ደግሞ ሌሎች የሶዲየም በሮች በሰንሰለት ይከፈታሉ። አንዱ ሲከፈት ጎረቤቱን እየከፈተ መልእክቱ በነርቩ ርዝመት ይሄዳል። እያንዳንዱ ምት መጠኑ እኩል ነው፤ ትልቅ ምት ትንሽ ምት የሚባል የለም። ቃጠሎው ሲብስ የሚጨምረው በሴኮንድ የሚላኩት ምቶች ቁጥርና የሚልኩት ነርቮች ብዛት ነው። ከእነዚህ የሶዲየም በሮች ናቭ-1.7 የሚባለው በትውልድ የማይሠራባቸው ጥቂት ሰዎች አሉ፤ ንክኪም ሙቀትም ያውቃሉ፣ ሕመም ግን የለም። መታደል ይመስላል። ብዙዎቹ ግን ምላሳቸውን ነክሰው ቆርጠው፣ ስብራታቸውን ሳያውቁ ተራምደውበት ያድጋሉ። የሥጋ ደዌ ነርቭ ሲያጠፋ የሚሆነውም ይኸው ነው። እንደ እርስዎ ጀበና የነካ ነገር ግን ስሜት የሌለው እጅ አይሰበሰብም፤ ጣት የሚያልቀው ባልታወቀ ቃጠሎ፣ ባልታከመ ቁስልና በተከታዩ ኢንፌክሽን ነው። የአለርት ሆስፒታል ሥራ ለአሥርተ ዓመታት አንዱ ትልቁ ክፍል ይህንኑ መከላከል ነበር።

አሁን ወደ «ጠቅ» እና «ለበለበኝ» እንምጣ። አማርኛ ለሕመም ዓይነት ሀብታም ነው፤ ውጋት፣ ቁርጠት፣ ቁርጥማት፣ ፍልጠት፣ ጥዝጠዛ። ካርድ ክፍል አልፈው ሐኪም ፊት ሲቀርቡ «ያመኛል» ከማለት ከእነዚህ አንዱን መምረጥ ለምርመራው ትልቅ እገዛ ነው፤ እያንዳንዱ ቃል ወደ ተለየ መስመር ይጠቁማልና። እርስዎም ሳያስቡት ሁለት የነርቭ ዓይነቶችን ለይተው ነግረውናል።

ከጣትዎ የአደጋ መልእክት የሚያወጡ ሁለት ዓይነት ጭረቶች፣ ማለትም ረጃጅም የነርቭ ክሮች፣ አሉ። ኤ-ዴልታ የሚባለው ስስ የማይሊን ሽፋን አለው፤ ማይሊን ለነርቭ እንደ ሽቦ ላስቲክ ነው፣ ምቱም በሽፋኑ ክፍተቶች መካከል እየዘለለ ስለሚሄድ በሴኮንድ ከ5 እስከ 30 ሜትር ይፈጥናል። ሲ የሚባለው ማይሊን የለውም፤ ውፍረቱ አንድ ሺኛ ሚሊሜትር አካባቢ ነው፣ ፍጥነቱም በሴኮንድ ከግማሽ እስከ ሁለት ሜትር። ከማዘጋጃ ቤቱ ፊት በቸርችል ጎዳና ቁልቁል ወደ ጥቁር አንበሳ በእግሩ የሚወርድ ሰው ብዙዎቹን የሲ ጭረቶች ይቀድማቸዋል። ከአውራ ጣትዎ አንገትዎ ውስጥ እስካለው ህብለ ሰረሰር ድረስ ያለውን ርቀት 80 ሳንቲሜትር ያህል እንበለው። ኤ-ዴልታ በሴኮንድ 15 ሜትር ቢሄድ በሴኮንድ አምስት መቶኛ ውስጥ ይደርሳል፤ «ጠቅ» ያለዎት እሱ ነው፣ ጥርት ያለ፣ ቦታው የታወቀ። ሲ በሴኮንድ አንድ ሜትር ቢሄድ ስምንት አሥረኛ ሴኮንድ ይወስድበታል። ያ «አንድ ትንፋሽ» ያሉት ነው። ሲ ይዞት የሚመጣው ሕመም የሚለበልብ፣ የተዘረጋ፣ ቶሎ የማይለቅ ነው። እግርን በእንቅፋት ሲመታ ልዩነቱ የበለጠ የሚታወቀው መንገዱ ስለሚረዝም ነው።

እጅዎስ ከሕመሙ እንዴት ቀደመ? መልእክቱ አንገት ላይ ወደ ህብለ ሰረሰር ሲገባ አንጎልን አይጠብቅም። እዚያው ያሉ አገናኝ ነርቮች ክንድን ለሚያጥፈው ጡንቻ «ሰብስብ»፣ ለሚዘረጋው «ልቀቅ» ይላሉ። ይህ ሁሉ በአንድ አሥረኛ ሴኮንድ አካባቢ ያልቃል። አንጎል ነገሩን አውቆ «አመመኝ» እስኪል ግን ተጨማሪ አሥረኛ ሴኮንዶች ያስፈልጉታል። እጅዎ ተሰብስቦ ካለቀ በኋላ ነው ወሬው የደረስዎት።

የነርቩ ሕዋስ አካል ራሱ ያለው ጣትም ህብለ ሰረሰርም ውስጥ አይደለም። አከርካሪው ጎን፣ በየነርቩ መግቢያ ላይ፣ ጋንግሊዮን የሚባል ትንሽ እብጠት አለ፤ የሕዋሶቹ አካል እዚያ ተሰብስቧል። ከእሱ የሚወጣው ጭረት ለሁለት ተከፍሎ አንዱ ክንፍ እስከ ጣት፣ ሌላው ወደ ህብለ ሰረሰር ይዘልቃል። ሰው እንዲህ ያሉ 31 ጥንድ የህብለ ሰረሰር ነርቮች አሉት፤ አውራ ጣት በስድስተኛው የአንገት ነርቭ፣ መሃል ጣት በሰባተኛው፣ ትንሿ ጣት በስምንተኛው ይገለገላሉ። ይህን ጋንግሊዮን አይርሱት፤ ለእናትዎ ጉዳይ ዋናው እሱ ነው።

ህብለ ሰረሰር ውስጥ፣ የኋላ ቀንድ በሚባለው ክፍል፣ ከጣት የመጣው ነርቭ መልእክቱን ለሁለተኛ ነርቭ ያስረክባል። ርክክቡ በኬሚካል ነው፤ በዋናነት ግሉታሜት፣ መልእክቱ ሲበረታ ደግሞ ሰብስታንስ ፒ። ማሸት የሚጠቅመው እዚህ ነው። ንክኪን የሚያመጡት ኤ-ቤታ የሚባሉ ወፍራም ጭረቶች በሴኮንድ ከ35 እስከ 75 ሜትር ይሮጣሉ፤ እግረ መንገዳቸውንም በኋላ ቀንድ ያሉ አፋኝ ነርቮችን ይቀሰቅሳሉ። አፋኞቹ የሕመሙን ርክክብ ያዳክማሉ። ሮናልድ ሜልዛክና ፓትሪክ ዎል ይህን በ1965 እ.ኤ.አ. የበር ንድፈ ሐሳብ ብለው አቀረቡት። የሳሉት ዝርዝር የነርቭ ሥዕል ከዚያ ወዲህ ተስተካክሏል፤ ዋናው ሐሳብ ግን ቆሟል። ማሸት ያለብዎት ዙሪያውን ብቻ ነው፤ የቆሰለውን ቆዳ ማሸት ራሱ ጉዳት ነው።

ሁለተኛው ነርቭ እዚያው አካባቢ ወደ ተቃራኒው ጎን ይሻገርና ወደ ላይ ይወጣል። የቀኝ ጣትዎ መልእክት የሚደርሰው ግራ ታላመስ የሚባለው የአንጎል መሃል ማከፋፈያ ላይ ነው። ከዚያ ይበተናል፤ አንዱ የአንጎል ክፍል የትና ምን ያህል መሆኑን ይለያል፣ ሌሎች ክፍሎች ደግሞ መጥፎነቱን፣ ማስጨነቁን ይሰጡታል። አንጎል ራሱ ሕመም ጠቋሚ ነርቭ የለውም፤ አንዳንድ የአንጎል ቀዶ ጥገና በሽተኛው ነቅቶ እያወራ የሚሠራው ለዚህ ነው።

ከውስጥ አካላት የሚመጡት መስመሮች ጥቂት ስለሆኑ ከቆዳና ከጡንቻ ከመጡት ጋር በአንድ ህብለ ሰረሰራዊ ነርቭ ላይ ይገናኛሉ፤ አንጎልም ምንጩን ይስታል። የልብ ሕመም በግራ ክንድ ወይም በመንጋጋ፣ የሐሞት ከረጢት ሕመም በቀኝ ትከሻ፣ የትርፍ አንጀት ጅማሮ እምብርት ዙሪያ የሚሰማው በዚህ ነው። ደረት ተጫጭኖ ክንድ ላይ የወረደ ሕመም በማሸት የሚሞከር ነገር አይደለም፤ ቀጥታ ድንገተኛ ክፍል ነው።

መልእክቱ ወደ ላይ ብቻ አይሄድም። ከመካከለኛው አንጎል የሚነሳ፣ በአንጎል ግንድ በኩል ወደ ኋላ ቀንድ የሚወርድ መስመርም አለ፤ ሰውነት የራሱን ሞርፊን መሰል ንጥረ ነገሮች፣ ሴሮቶኒንና ኖርአድሬናሊን ተጠቅሞ ርክክቡን ያፍናል። ዶሮ ወጥ የሞላ የጋለ ድስት ይዘው ሲያቃጥልዎት እንግዶች መሃል አይጥሉትም፤ ጥርስ ነክሰው ጠረጴዛ ያደርሱታል። እጅን የሚሰበስበውን ትእዛዝ ያስቆመው ይህ የሚወርደው መስመር ነው። እንቅልፍ ማጣትና ጭንቀት ደግሞ ያዳክሙታል። ሌሊት ሕመም የሚበረታው አንድም በዚህ ነው፣ አንድም ጨለማ ውስጥ ሌላ የሚያዳምጡት ነገር ስለማይኖር።

የጠየቁት ውስጥ በጣም ደስ የሚለው የለብ ያለው ውሃና የብርድ ልብሱ ነገር ነው፤ ሁለቱ አንድ ይመስላሉ፣ ማረፊያቸው ግን ይለያያል።

ለብ ያለው ውሃ የቆዳው ጉዳይ ነው። የተቃጠሉት ሕዋሳት ሲፈነዱ ውስጣቸው ያለው ይፈስሳል፤ አሲድና ኤቲፒ የሚባለው የሕዋስ ኃይል ተሸካሚ ኬሚካል። የደም ሥሮች ብራዲኪኒን ያመጣሉ፣ የመከላከያ ሕዋሳት ሂስታሚንና የነርቭ አሳዳጊ ፕሮቲን ይለቃሉ፣ ኮክስ የሚባለው ኤንዛይም ደግሞ ፕሮስታግላንዲን ይሠራል። ይህ ሁሉ ቅልቅል የነርቩን ራቁት ጫፍ ያጥበዋል። ውጤቱ በሮቹ ላይ ነው፤ 43 ዲግሪ ላይ ይከፈት የነበረው ትሪፕ-ቪ-1 ወርዶ የሰውነት ሙቀት አካባቢ ላይ መከፈት ይጀምራል። 38 ዲግሪ ውሃ ለጤነኛ ጣት ለብ ያለ ነው፤ ለተቃጠለው ግን በሩ ክፍት ነው፣ አንጎልም የሚያነበው «ተቃጠልኩ» ብሎ ነው። ጣቱ ሌሊት ሳይነካ የሚጠዘጥዘውም በዚሁ ነው፤ የራስዎ ደም ሙቀት ብቻውን ይበቃዋል።

ብርድ ልብሱ ግን የነካው ያልተቃጠለውን ቆዳ ነው፣ ሙቀትም አልነበረውም። ይህ የህብለ ሰረሰር ሥራ ነው። የሲ ጭረቶች ለሰዓታት ያለማቋረጥ ሲልኩ ሁለተኛው ነርቭ ይለመዳል ሲባል ጭራሽ ይነቃል። ኤንኤምዲኤ የሚባለው የግሉታሜት ተቀባይ በተለመደው ጊዜ በማግኒዚየም ተወትፎ ይቀመጣል፣ ጀበና በውታፍ እንደሚወተፈው። መልእክቱ ሲደጋገም ውታፉ ይነሳል፣ ካልሲየም ይገባል፣ ነርቩ ከዚያ በኋላ በትንሹም በትልቁም ይጮኻል። በኤ-ቤታ የመጣ ተራ ንክኪ እንኳ ሕመም ሆኖ ያልፋል። የሕመም ተመራማሪው ክሊፎርድ ዎልፍ ይህን በ1983 እ.ኤ.አ. አሳይተዋል። በትንሽ ቃጠሎ በቀናት ውስጥ ይረግባል። ሳይረግብ ለወራት የሚቀጥልበት ጊዜ ግን አለ፤ ያኔ የምንነጋገረው ስለ ሌላ በሽታ ነው።

ወደ ኪኒኑ ክርክር። እህትዎም ጎረቤትዎም ከፊል ትክክል ናቸው። ዲክሎፌናክና አይቡፕሮፌን አንድ ቤተሰብ ናቸው፤ ኮክስን ያግዱና ፕሮስታግላንዲኑን ይቀንሳሉ። ማረፊያቸው ቆዳው ላይ ያለው ቅልቅል ነው፣ ስለዚህ ለሚያብጥ፣ ለሚቀላ፣ ለሚጠዘጥዝ ሕመም ይሠራሉ። አይቡፕሮፌን 400 ሚሊግራም ከምግብ ጋር፣ በቀን ቢበዛ ሦስት ጊዜ፣ ለሦስት አራት ቀን በቂ ነው። ሁለቱን ደርቦ መዋጥ ጥቅሙን አይጨምርም፤ ማረፊያው አንድ ነውና የሚደራረበው የጨጓራ መድማትና የኩላሊት ጉዳት ብቻ ነው። ጨጓራ፣ የኩላሊት በሽታ ወይም የደም ማቅጠኛ መድኃኒት ካለብዎት፣ ወይም ነፍሰ ጡር ከሆኑ ይተውት። በጾም ወራት ጠዋት በባዶ ሆድ ውጦ እስከ ዘጠኝ ሰዓት መቆየት ጨጓራ ደምቶ ሆስፒታል የሚያስገባ ልማድ ነው፤ መዋጥ ካለብዎት ከመፍሰኪያው ምግብ ጋር ያድርጉት። የዲክሎፌናክ መርፌ «ይበልጥ ጠንካራ» ነው የሚለውም ወሬ ነው፤ መርፌውም ኪኒኑም የሚሄዱት እዚያው ኮክስ ላይ ነው፣ ጨጓራንም መርፌው አያድነውም።

ፓራሲታሞል በዋናነት የሚሠራው አንጎልና ህብለ ሰረሰር ላይ ነው፤ እብጠት አይቀንስም፣ ጨጓራንም አይነካም። ባለ 500 ሚሊግራሙ አንድ ወይም ሁለት ፍሬ በየስድስት ሰዓቱ፣ በ24 ሰዓት ከስምንት ፍሬ ሳይበልጥ። ከ50 ኪሎ በታች ከሆኑ በአንድ ፍሬ ይብቃዎት፤ የጉበት በሽታ ካለ ደግሞ ሐኪም መጠኑን ይወስን። ብዙ የጉንፋን ኪኒኖች ውስጣቸው ፓራሲታሞል ስላለ ሳያውቁ መጠን ማለፍ ቀላል ነው፣ የሚጎዳውም ጉበትን ነው። ማረፊያቸው ስለሚለያይ ፓራሲታሞልንና አይቡፕሮፌንን በአንድ ቀን መውሰድ ይቻላል። ለእርስዎ ጣት መጀመሪያ ፓራሲታሞል፣ ካልበቃ አይቡፕሮፌን ይጨመር እላለሁ። ትራማዶል ለዚህ አይታሰብም፤ ሞርፊን መሰል ስለሆነ ሱስም የመተንፈስ ችግርም ያመጣል።

ማደንዘዣው ሊዶካይን የሚዘጋው ቅድም ያነሳናቸውን የሶዲየም በሮች ነው፤ ምቱ ከመነሻው አያልፍም። የሚሠራው ግን ወደ ነርቩ ውስጥ ከገባ ነው። ኢንፌክሽን ያለበት ቦታ አሲድ ስለሚሆን መድኃኒቱ ኤሌክትሪክ ሙል ይይዝና ሳይገባ ውጭ ይቀራል። መግል የያዘ ጥርስ አልደነዝዝ ሲል ጥርስ ሐኪሙ ከቁስሉ ርቆ ዋናውን ነርቭ የሚወጋው ለዚህ ነው።

አሁን እናትዎ። አልማዝ ባለጭራን የሚያመጣው ቫሪሴላ ዞስተር በልጅነት ጉድፍ የሚያወጣው ቫይረስ ነው። ጉድፉ ይድናል፣ ቫይረሱ ግን አይወጣም፤ ያንን አከርካሪ ጎን ያለ ጋንግሊዮን ገብቶ ለአሥርተ ዓመታት ይተኛል። እርጅና ወይም ሌላ በሽታ መከላከያን ሲያዳክም ይነሳና በነርቩ ላይ ወርዶ ቆዳ ላይ ይወጣል። በአንድ ጎን ብቻ፣ እንደ ቀበቶ የሚወጣውም ለዚህ ነው፤ ያ ቀበቶ የአንድ ጋንግሊዮን ግዛት ነው። ቁስሉ ሲደርቅ ቆዳው ይድናል፤ ነርቩ ግን ተጎድቷል። የተጎዳ ነርቭ የሶዲየም በሮቹ ተዛብተው ማንም ሳይነካው ይተኩሳል፤ ሁለተኛው ነርቭም ነቅቶ ቀርቷል። ቀሚስ ሲነካት የሚያቃጥላት፣ እንደ ኤሌክትሪክ የሚወረውራት ከሆነ ምልክቱ ይኸው ነው። ከሦስት ወር ካለፈ ደግሞ ድህረ አልማዝ ባለጭራ የነርቭ ሕመም ይባላል።

ዲክሎፌናክ እዚህ የሚያግደው ነገር የለም፤ ቅልቅሉ ደርቋል። ለዚህ የሚሰጡት የሚወርደውን መስመር የሚያጠነክር አሚትሪፕቲሊን፣ ወይም የነርቩን መተኮስ የሚያረግብ ጋባፔንቲን ናቸው፤ ሁለቱም በሐኪም ትእዛዝ ብቻ። አሚትሪፕቲሊን ለአረጋውያን ብዙ ጊዜ በ10 ሚሊግራም ማታ ይጀመርና ቀስ ብሎ ይጨመራል። አፍ ያደርቃል፣ ያስተኛል፣ ሆድ ያደርቃል፣ ሽንት ሊይዝ ይችላል፤ የልብ ምት መዛባት ወይም ግላኮማ (የዓይን ግፊት በሽታ) ካለባቸው አስቀድመው ይናገሩ። ጋባፔንቲን የኩላሊት ጤንነት ታይቶ ነው መጠኑ የሚወሰነው፤ ራስ ያዞራል፣ ስለዚህ ሌሊት ሲነሱ የሚደገፉት ይኑር። ብዙ ሰው የሚያቋርጠው በሦስተኛው ቀን «አልሠራም» ብሎ ነው፤ ለመፍረድ ግን ሳምንታት ያስፈልጋሉ። ካፕሳይሲን ያለበት ቅባትና ፕላስተርም አለ፤ የነርቭ ጫፎቹን ደጋግሞ ከፍቶ ያደክማቸዋል። ይህን የሰማ ሰው ቤት ውስጥ በርበሬ እንዳይቀባ! መጠኑ ያልታወቀ ካፕሳይሲን ቆዳ ያቆስላል።

ለሌላ ሰው ደግሞ ቁስሉ ገና ሲወጣ በ72 ሰዓት ውስጥ ሐኪም ጋ መድረስ ትልቅ ልዩነት ያመጣል። አሳይክሎቪር 800 ሚሊግራም በቀን አምስት ጊዜ ለሰባት ቀን የሚሰጠው ያኔ ነው። ዓይን አካባቢ ከወጣ በዚያው ቀን ይሂዱ። በወጣት ላይ ሲወጣ የኤችአይቪ ምርመራ መጠየቁም የተለመደ ነው፣ አይደንግጡ።

የእርስዎ ጣት ሦስት ቀኑ ነው፤ በውሃ የማቀዝቀዣው ጊዜ አልፏል። ለሚቀጥለው ግን፣ ቀለበት ካለ ወዲያው ይውለቅ፣ ጣቱም በሚፈስ ቀዝቃዛ ውሃ 20 ደቂቃ ይያዝ፤ ከተቃጠለ እስከ ሦስት ሰዓት ድረስ ቢጀመርም ይጠቅማል። ውሃ በፈረቃ በጠፋበት ቀን አንድ ባለ 20 ሊትር ጄሪካን ይበቃል፤ በጆግ ቀስ እያሉ በደቂቃ አንድ ሊትር ቢያፈሱ ልክ 20 ደቂቃ ነው። በረዶ አይያዝ፤ ደም ሥሩን አጥብቦ ጉዳቱን ያጠልቃል። ጥርስ ሳሙና፣ ቅቤ፣ እንቁላል፣ የቡና ዱቄት፣ ሁሉም ሙቀቱን አምቀው ይይዛሉ ወይም ጀርም ያስገባሉ።

አሁን ያለውን ውሃ የቋጠረ ፊኛ አያፈንዱት። በንጹህ ውሃና ሳሙና ቀስ አድርገው ያጥቡት፣ በቫዝሊን በተቀባ ንጹህ ፋሻ ላላ አድርገው ይሸፍኑት፤ ሁለቱ ጣቶች ለየብቻ ይጠቅለሉ፣ አለዚያ ይጣበቃሉ። የመንጋጋ ቆልፍ ክትባትዎ ከአሥር ዓመት ካለፈው በአቅራቢያዎ ጤና ጣቢያ ይጠይቁ። ቅላቱ ወደ እጅ ከወጣ፣ መግል ወይም ሽታ ካለ፣ ትኩሳት ከመጣ፣ ጣቱ አልታጠፍ ካለ፣ ወይም መሃሉ ነጣ ብሎ በመርፌ ጫፍ ሲነካ ምንም የማይሰማዎት ከሆነ በዚያው ቀን ይታዩ። የማያመው ቃጠሎ ከሚያመው የከፋ ነው፤ እሳቱ ነርቩን ጭምር በልቶታል ማለት ነው።